ማንም አይደለችም ያልኳት ሴት

ከጎብዬ እስከ ሮቢት ድረስ፣ ከዚያም አልፎ ቆላው ገጠር ውስጥ፣ ድምፅ የሚያወጣ ወይም ምስል የሚያሳይ ዕቃ ሲበላሽ የሚመጣው ወደ እኔ ነበር። ለመኩራራት አይደለም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ እኮራበታለሁ። አስተማሪ አልነበረኝም። የቴክኒክ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። መጀመሪያ የፈታሁት ሬዲዮ የአጎቴ ነበር። ስፈታው ይሠራ ነበር፣ መልሼ ስገጥመውም ሠራ፤ ሁለት ብሎን ግን ተረፈኝ። ሁለቱም እስከዛሬ በጣሳ ውስጥ አሉ። ምንም ነገር አልጥልም። እንግሊዝኛን የተማርኩት ከዕቃ ጋር ከሚመጡ የአጠቃቀም መጽሐፎች ነው። ስለዚህ ከፈረንጅ ጋር ስለ አየሩ ሁኔታ ማውራት አልችልም፤ ስለ ፊውዝ ግን እስከ ማታ ልከራከረው እችላለሁ።

ከሁሉ የምኮራው በፊልም ሥራዬ ነው። የሲኒማ ቤቱን ትልቁን ማለቴ አይደለም። ወርዱ ስምንት ሚሊ ሜትር የሆነውን፣ የቤት ውስጡን ነው። ድሮ፣ እኔ ጎረምሳ ሳለሁ፣ ወደ ኤደንና ወደ ጅዳ የሚመላለሱ የቆቦ ነጋዴዎች በመዳፍ የምትያዝ ካሜራ ይዘው ይመጡ ነበር። ሠርጋቸውን፣ ግመላቸውን፣ አዲስ ቤታቸውን ያነሳሉ። ፊልሙ ወደ ውጭ ተልኮ ታጥቦ ይመለሳል፤ ሲበጠስ ግን የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ፊልማቸውን ማሳጠር የሚፈልጉም ወደ እኔ ይመጡ ነበር። ሚስቱን የፈታ ሰው ከሠርጉ ፊልም ውስጥ እንዳወጣት ይጠይቀኛል። አወጣለሁ። ቆርጬ አውጥቼ ሁለቱን ጫፎች እቀጥላለሁ። ሙሽራው ብቻውን ኬክ ሲቆርስ ይታያል።

የተበጠሰውን የሚያጣብቀውን ዕቃ ፈረንጆቹ ስፕላይሰር ይሉታል፤ እኔ መቀጠያ እለዋለሁ። ሦስት አለኝ፤ በዚህ አገር ሦስት ያለው ሌላ ሰው አላየሁም። አንደኛው በፈሳሽ ሙጫ የሚሠራ ነው። ጫፉን ፍቆ፣ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ይጫናል። ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን በቀጠሉ ቁጥር ምስል ይበላል፣ ሙጫውም በእኛ ሙቀት እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ይደርቃል። ሁለተኛው ከብድ ያለ ብረት ነው። ቀዳዳ የሌለው ፕላስተር ከጥቅሉ ይሳብና እጀታውን ሲጫኑት ራሱ እየበሳ ይለጥፋል። እንዴት ያለ ሥራ መሰላችሁ! ግን የተሠራው ለአሮጌው ዓይነት፣ ሰፋፊ ቀዳዳ ላለው ፊልም ነው። ኋላ የመጣው ፊልም ቀዳዳው ትናንሽ ስለሆነ እሱ ላይ አይቀመጥም።

ሦስተኛው ፕላስቲክ ነው፤ ሲያዩት መጫወቻ ይመስላል። አስቀድሞ የተበሳና በልኩ የተቆራረጠ ፕላስተር ይጠቀማል። ስለቱ ቀጥ ብሎ አይቆርጥም፤ እንደ ውሃ ሞገድ እየተጠማዘዘ ነው የሚቆርጠው። ለዚህም ነው ቅጥሉ በመሣሪያው ውስጥ ሳይንገጫገጭ የሚያልፈው። ምረጥ ብትሉኝ እሱን እመርጣለሁ። ገና አዲስ ሳለ ከጠረጴዛ ወድቆብኝ ስለቱ በአንድ ቦታ ተሸረፈ። ከዚያ ወዲህ የቆረጥኩት ሁሉ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ፀጉር የምታክል ጭራ አለችው። የእኔን ሥራ ከሌላ ሰው ሥራ በእሷ እለየዋለሁ።

ባለፈው ዓመት፣ ማሽላው ታጭዶ ባለቀበት ሰሞን፣ አንዲት ሃምሳ ዓመት ሊሞላት የተቃረበ ሴት ወደ ሱቄ መጣች። ሁለት እጇ በቆርቆሮ ሣጥን ተይዟል። ከኋላዋ አንዲት አሮጊት ከባጃጅ እየተደገፉ ወረዱ። የእናቷ ታናሽ እህት፣ አክስቷ መሆናቸውን ነገረችኝ። ከሮቢት ነው ያመጣቻቸው። ሰላምታ ተለዋወጥንና ልጅቱ፣ ለአክስቷ ገና ልጅ ናትና፣ ሣጥኑን ጠረጴዛዬ ላይ ከፈተችው። የአቼቶ ሽታ ወጣ፤ ፊልም ሲያረጅ እንዲያ ይሸታል። ከሥሩ ደግሞ የማሽላ ሽታ ነበረበት። አባቷ ከሞቱ በኋላ የእህል ጉድጓዱን ስታስጠርግ ከታች ተቀብሮ ያገኘችው ነው።

የፈለገችውን በአጭሩ ነገረችኝ። እናቷ የሞተችው እሷ ጡት ሳትጥል ነው። ፎቶ የላትም። አባቷ ሌላ አግብተው ልጆች ወለዱ፤ የሟቿን ስም በቤት ውስጥ አንድ ቀን አንስተው አያውቁም። እናቷን በመልክ የሚያውቁ በሕይወት የቀሩት አክስቷ ብቻ ናቸው፤ የእሳቸውም ዓይን እየጨለመ ነው። አንዱ ጨርሶ ጠፍቷል። እናቷ ፊልሙ ውስጥ ካለች፣ አክስቷ አይተው “እሷ ናት” የሚሉበት ጊዜ ያለው አሁን ብቻ ነው።

“እኔማ ባያት እንኳ አላውቃትም ጋሼ” አለችና ሳቀች። ስትስቅ አፏን በእጇ ጀርባ ከለለች።

ያን አከላለል ሳይ ሣጥኑን ትቼ ቀና አልኩ። የት እንዳየሁት አላውቅም፤ ማየቴን ግን አውቃለሁ። ይህቺን ሴት ከዚያ በፊት አግኝቻት አላውቅም ነበር።

ፊልሙ አሥራ ሁለት ቁራጭ ሆኖ ተለያይቷል። ጫፎቹ ላይ የቢጫ ፕላስተር ፍርፋሪ አለ፤ የቢሮ ስኮች ነው። ወረቀት የሚለጠፍበት ማለት ነው። ሲሞቅ ማጣበቂያው ያዣል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ኋላም ደርቆ ይረግፋል። የፊልም ፕላስተር እንዲህ አይሆንም። ተናደድኩ። ይህን የቀጠለው ሰው ደንቆሮ መሆኑን፣ በእኔ ዘመን እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ከተማ ውስጥ መኖሩን ባለማወቄ ማፈሬን ነገርኳቸው።

“እጁ ይቆረጥ አልልም” አልኩ፤ “ስኮቹን ግን ሊነጥቁት ይገባ ነበር።”

አሮጊቷ በደህናው ዓይናቸው ወደ ድምፄ ዞረው “ይሄኔ ሞቷል እኮ። አንተ ሙትም አታስተርፍም?” አሉኝ።

አጉሊ መነጽሬ ተሰብሮ ነበር፤ አዲሱ ከደሴ እስኪመጣልኝ ያለ እሱ በልምድ ሠራሁ። አሮጌውን ፕላስተር በአልኮል ጠረግኩ፤ የጫፎቹ አቆራረጥ ከመቀጠያዬ ጋር ልክክ ስላለልኝ ደስ አለኝ እንጂ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ቅደም ተከተሉን ያገኘሁት በጥላ ነው። የጠዋቱ ጥላ ረጅም ነው፣ እስከ ቀትር ያጥራል፣ ወደ ማታ ደግሞ በሌላው በኩል ይረዝማል። አሥራ ሁለቱን ቁራጮች በጥላቸው ርዝመትና አቅጣጫ ደረደርኩና በሁለት በኩል በደህና ፕላስተር ቀጠልኩ።

ያሳየኋቸው ቀትር ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ መብራት ይጠፋል ተብሎ ነበር። ውጭ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤቱ ስላስገባው መንገዱ ጭር ብሏል። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድኩት። በጣሪያው የምስማር ቀዳዳዎች የሚገቡት የብርሃን ነጠብጣቦች ወለሉ ላይ ነበሩ። ግድግዳውን ኖራ ቀብቼዋለሁ።

የሰው ፊልም ከማሳየቴ በፊት ሁልጊዜ ፕሮጀክተሩን በመሞከሪያዬ አስተካክላለሁ። መሞከሪያዬ አጭር ጥቅል ነው፤ ድሮ የተረፉኝን ቁርጥራጮች አያይዤ የሠራሁት። አዲስ ፕላስተር ሳገኝ ቁራጮቹን ፈትቼ እንደገና እቀጥላለሁ። የስንት ዓመት ሥራዬን የፈተንኩበት ነው። አንዲት ሴት አለችበት። ትራመዳለች፣ ትጎነበሳለች፣ ትስቃለች፣ ተዘቅዝቃም የምትታይበት ቦታ አለ። የሚሞክር ሰው ምስሉ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ያያል እንጂ ማን እንዳለበት አያይም። አሮጊቷ የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ሊሰግዱ ጓሮ ነበሩ። ልጅቱ ብቻዋን ወንበር ላይ ተቀምጣ ታያለች።

“ጋሼ፣ ይቺ ማን ናት?”

“ማንም አይደለችም። መሞከሪያ ናት” አልኳት፤ ጥቅሉንም አወጣሁ።

አሮጊቷ ሰግደው ገቡ። የእነሱን ፊልም አስነሳሁ።

አዲስ ቤት እየተሠራ ነው። ወንዶች ሽርጣቸውን ሸብ አድርገው የጣሪያ እንጨት ያነሳሉ። አንዲት ልጃገረድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ወደ ቀኟ እየዞረች ታወራለች፣ ትስቃለች፣ በክርኗ ሰው እንደ መጎሸም ትላለች። በቀኟ ያለው ከምስሉ ጠርዝ ውጭ ነው። ማንም አይታይም።

“እኔ ነኝ” አሉ አሮጊቷ።

ከዚያ ባዶ መሬት ታየ፤ ወዲያው መሬቱ ላይ ኩባያ አለ። ያስቀመጠ ሰው አልታየም። ወንዶቹ ለመቀበል እጃቸውን ወደ ምስሉ ጠርዝ ይዘረጋሉ፤ ቀጥሎ እየጠጡ ነው። የታሰረ ግመል አንገቱን ቀስ አድርጎ ከግራ ወደ ቀኝ ያዞራል፤ የሆነ ሰው በፊቱ እያለፈ እንደሆነ ሁሉ። የሚያልፈው አይታይም። በመጨረሻም ከአጥሩ በር የሴት ጥላ ገባ። ረጅም ጥላ፣ ራሱ ላይ እንስራ ያለበት። መሬቱን ይዞ መጣ፣ መጣ፣ የእግሯ ጣት ሊታይ ሲል ምስሉ ዘለለ። በሩ ባዶ ሆነ። ፊልሙ አለቀ።

መሣሪያውን አቆምኩት።

“አጠገቤ ነበረች” አሉ አሮጊቷ። “ጎኔን ስትኮረኩረኝ ነው እኮ የምስቀው። ቀኑን አስታውሰዋለሁ። ግመሉ እሷን ነው የሚያየው፣ ጨው ስለምትሰጠው።” ወደ ግድግዳው ጠቆሙ። “አጠፋት። አዲሲቱን ሚስት ሊያመጣ ሲል እህቴን ከፊልሙም አጠፋት።”

ልጅቱ ነጩን ግድግዳ ነበር የምታየው። ከዚያም ሣጥኑን ሳትወስድ አክስቷን ደግፋ ወጣች።

በማግሥቱ አጉሊ መነጽሬ ከደሴ መጣ። ጠዋት ብቻዬን ተቀምጬ አንዱን ቅጥል ፈታሁና ጫፉን በእሱ አየሁት። የሞገዱ ሦስተኛ መታጠፊያ ላይ ፀጉር የምታክል ጭራ አለች። ሁለተኛውን ፈታሁ። አለች። ሁሉም ላይ ነበረች።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ይኖር እንደሆነ አላውቅም፤ የራስን እጅ በሌላ ሰው መቃብር ውስጥ የማግኘት ያህል ነው። ያኔ አንድ በአንድ መጣልኝ። ነጋዴው፣ የልጅቱ አባት፣ እንዲሁ በቀትር ነው የመጣው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ። እሷ ያለችበትን አንድም ሳላስቀር እንዳወጣ፣ ያወጣሁትንም እንዳቃጥል ለመነኝ። ፈትቷት ነው ብዬ ስለገመትኩ አልጠየቅኩትም። እሱ ግን መሞቷን ሳይጠየቅ ተናገረ፤ ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ የጨመረውን ዓረፍተ ነገር ስንት ዓመት ረስቼው ኖሬ ያን ዕለት ቃል በቃል ሰማሁት።

“ኩባያውን አስቀምጣ ስትሄድ የምትመለስ ነው የምትመስለው። ባየሁት ቁጥር እጠብቃታለሁ።”

አወጣኋት። ፊቷን፣ እግሯን፣ እጇን አወጣሁ፤ ጥላዋን ግን ማንም አውጣ አላለኝምና ተውኩት። የፊልም ፕላስተር አልቆብኝ ስለነበር በቢሮ ስኮች ቀጠልኩት። “አቃጠልኩት” አልኩት። አላቃጠልኩም። ምንም ነገር አልጥልምና።

መሞከሪያዬን አስነሳሁ። ሴትዮዋ ግድግዳው ላይ መጣች። ትራመዳለች፣ ከኋላዋ የግመል አፍንጫ አለ። ትጎነበሳለች፣ በእጇ ኩባያ አለ። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከምስሉ ጠርዝ ውጭ ያለ የማይታይ ሰው ትኮረኩራለች። ትስቃለች፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ጀርባ ትከልላለች።

ይህችን ሴት ከሚስቴ ይበልጥ ደጋግሜ አይቻታለሁ። የሠራሁትን ሬዲዮ የወሰደ፣ ፕሮጀክተር ያስጠገነ፣ ሥራዬን ሊያይ የገባ ሁሉ አይቷታል። ባሏ ማየት ያልቻለውን ከተማው ሁሉ ሲያየው ኖሯል፤ ያላያት ልጇ ብቻ ናት። እሷም ትናንት አየቻት። ማንም አይደለችም አልኳት።

ዝም ብዬ ብገጣጥመው፣ ከየትም ፈልጌ ያገኘሁት ቢመስል፣ ስሜ ከቀድሞውም ይበልጥ በተጠራ ነበር። ይህን አላሰብኩም አልልም፤ ቡናዬን እስክጨርስ አስቤዋለሁ። ነገር ግን የነጋዴውን ዓረፍተ ነገር ሳልናገር ፊልሙን ብቻ ብሰጣት አሮጊቷ “አጠፋት” ያሉት እንዳለ ይቀራል። እሱን ለመናገር ደግሞ እኔ እዚያ ነበርኩ ማለት አለብኝ። ስልክ ደወልኩላቸው። በነጋታው መጡ።

ቆሜ ነው የነገርኳቸው። ስኮቹ የእኔ እንደሆነ፣ ደንቆሮ ብዬ የሰደብኩት ራሴን እንደሆነ፣ ለሟች አቃጠልኩ ብዬ ዋሽቼ ያስቀመጥኩት መሆኑን ነገርኳቸው። ነጋዴው ስለ ኩባያው ያለውንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩ።

አሮጊቷ መጀመሪያ የሳቁ መስሎኝ ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ቆየ። “ስንት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነፈግኩት” አሉ በመጨረሻ። “ሮቢት ገበያ ላይ ሲያየኝ መንገድ እለውጥበት ነበር።”

ልጅቱ ግን እኔን ነበር የምታየው።

“ያን ዕለት አይቻታለሁ ማለት ነው?”

“አይተሻታል።”

“ማንም አይደለችም ብለውኝ ነበር።”

ወንበር አቀረብኩላት።

“እንኳን አላቃጠሉት” አለችና ቦርሳዋን አስቀምጣ ተቀመጠች።

“እጁ ይቆረጥ አለማለትህ በጀህ” አሉኝ አሮጊቷ ዓይናቸውን እየጠረጉ። “ቶሎ በል አሁን፤ ዓይኔ አንተን አይጠብቅም።”

ሦስት ቀን ሠራሁ። በቀን ብርሃን ብቻ፣ በር ዘግቼ። እያንዳንዱ ቁራጭ ወደ ቦታው ሲመለስ ሊገባ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር፤ ኩባያው እጅ አገኘ፣ ግመሉ የሚያየው አገኘ። የተቆራረጡት ጫፎች የራሴ ስለት ልጆች ስለሆኑ ከጭራቸው ጋር ልክ ገጠሙ። ሆኖም መሞከሪያ ሆና የኖረች ፊልም ናት። ከላይ እስከ ታች ፊቷን የሚሰነጥቅ አረንጓዴ መስመር አለ፤ የእኔ መሣሪያ የጫረው ነው። እሱን መመለስ አይቻልም።

አሥራ አንድ ክፍተት ነበር፤ መሞከሪያዬ ውስጥ ያገኘሁት አሥር ቁራጭ ነው። የጎደለው የመጨረሻው፣ የአጥሩ በር ላይ ያለው ነው።

ሳሳያቸው አሮጊቷ በደንብ ስላልታያቸው ተነስተው ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ምስሉ ጀርባቸው ላይ አረፈ፤ የእህታቸው ፊት በነጠላቸው ላይ ተንቀሳቀሰ። ዞር በሉ ልላቸው ብዬ ተውኩት። አፍንጫቸው ኖራውን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግተው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ዘረጉ።

“እሷ ናት” አሉ። “ወላሂ እሷ ናት። ጥርሷ እንደ ነበረ ነው።”

ከኋላዬ ልጅቱ ስትስቅ ሰማሁ። ዞሬ አላየኋትም። እጇ የት እንደ ሆነ አውቃለሁ።

ያን ሰሞን የሠራሁትን ልዘርዝር፤ እኔ ካልዘረዘርኩት የሚዘረዝርልኝ የለም።

አሥራ ሁለት ቁራጭና አሥር ቁራጭ አንድ ፊልም አደረግሁ። ሃያ አንድ ቅጥል፣ በሁለት በኩል አርባ ሁለት ፕላስተር፣ ሁሉም ደህና የፊልም ፕላስተር፤ አንዱም ሲያልፍ አልተንገጫገጨም።

የስኮቹን ዝልግልግ ከሁሉም ምስል ላይ አንድ ቀለም ሳላነሳ አጸዳሁ።

ተዘቅዝቃ የኖረችውን ቁራጭ አቀናሁ።

አንዲት አሮጊት ዓይናቸው ሳይጠፋ የእህታቸውን ፊት አዩ፤ አማቻቸውንም ይቅር አሉ።

አንዲት ሴት የእናቷን ፊት አየች። የነገርኳት ሰው እኔ ነኝ፤ ያሳየኋትም እኔ ነኝ፤ የደበቅኳትም እኔ ነኝ።

አሁን መሣሪያ የምሞክረው በባዶ ፊልም ነው። ግድግዳው ነጭ ሆኖ ይቆያል።

አሥራ አንደኛውን ቁራጭ አላገኘሁም። ጣሳዎቹን ሁሉ ገልብጬ፣ ብሎኖቹን ሳይቀር አንድ በአንድ አይቻለሁ። ምንም ነገር ጥዬ አላውቅም፤ ስለዚህ እዚሁ ቤት ውስጥ አለ። ጥላዋ በሩ ላይ ቆሟል፤ የእግሯ ጣት ግን ገና አልገባም።